ሀኒፋን ከማን ጠየቅናት?

ሀኒፋ ጀለቢያ፣ የሱዳን ወንዶች የሚለብሱትን ረጅም ቀሚስ፣ ስትተኩስ መጀመሪያ ካውያውን አትነካም። ልብሱን ገልብጣ ስፌቱን ታያለች፤ የላላ ክር ካገኘች በጥርሷ ሳይሆን በመቀስ ትቆርጠዋለች። ቀጥላ ትከሻና ትከሻውን ይዛ አንድ ጊዜ ታራግፈዋለች። ስታርች የነካው ነጭ ጨርቅ ቶሎ ስለሚደርቅ፣ ከጎኗ ካለው ሳህን ውኃ በጣቶቿ ጫፍ እየነከረች ትረጨውና ጠቅልላ ትተወዋለች፤ እርጥበቱ እኩል እንዲዳረስ ነው። ከዚያ ካውያውን አሮጌ ጨርቅ ላይ ትሞክራለች። አንገቱን ከውስጥ በኩል ትጀምራለች፤ እጅጌውን ከብብት ወደ ታች ትወርድበታለች፤ ጀርባውን ታስከትላለች፤ ደረቱ መጨረሻ ነው። ኪሱን ገልብጣ ውስጡን ሳይቀር ትተኩሳለች። ስትጨርስ በመዳፏ ደረቱን ትዳብሳለች፤ እጅ የሚያቆም ነገር ካገኘች እንደገና ትረጨዋለች።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ካርቱም ሱቅ ዐረቢ ገበያ ውስጥ ሃያ ዓመት ጀለቢያ ስሰፋ እንዲህ የሚተኩስ ሰው ብዙ አላየሁም። እሷ ይህን ሥራ ሦስት ዓመት የሠራችው አል-ማንሺያ ውስጥ፣ ሀጅ ባቢክር የሚባል ነጋዴ ቤት ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ከዚያ ቤት ሰዎች የአባቷን ስም የጠየቃት የለም። እኛ የአገሯ ልጆች ነን የምንለውም አልጠየቅናትም። ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ የንዴቱም ግማሽ በራሴ ላይ ነው።

ሀኒፋ የሐርቡ ልጅ ናት፣ የወሎ። በኋላ ላግባሽ ያላት ሳሊህም ወሎዬ ነው፤ ካርቱም የገባው ወደ ሊቢያ ለማለፍ ነበር። መንገዱ ሲዘገይበት የቀን ሥራ ጀመረ፣ ቆይቶም ሙከይፍ መጠገን ተማረ። ሙከይፍ ውኃ በጭድ ላይ እየፈሰሰ አየሩን የሚያቀዘቅዝ ትልቅ ሣጥን ነው፤ ሙቀቱ ሳይበረታ በየዓመቱ ጭዱ መቀየር አለበት።

በመጋቢት 2013 ሳሊህ የሀጅ ባቢክርን ሙከይፎች ጭድ ሊቀይር መጣ። ጣሪያ ላይ ሆኖ አሮጌውን ጭድ እየነቀለ ወደ ታች ወረወረው። ግቢው ገና ታጥቦ አልደረቀም ነበር። ሀኒፋ ወጥታ ቀና ብላ አየችው።

“ወንድሜ፣ ይሄን ማን ሊጠርገው ነው?”

“ግቢውን ያጠበው ሰው።”

“ያጠበው ሰው ሥራውን ጨርሷል። ያቆሸሸው ነው የቀረው። ውረድ።”

ወረደ። መጥረጊያውን ሰጠችውና ወደ ወጥ ቤት ገባች። ተመልሳ ስታይ መሃሉን ብቻ ሳይሆን ከአበባው ማሰሮዎች ኋላ ያለውን ሁሉ ጠርጎ፣ ጭዱን በማዳበሪያ ሞልቶ አስሮታል። “ማዕዘኑን ትቶት ቢሆን ኖሮ ስሙን አልጠይቀውም ነበር” ትላለች እስከ ዛሬ።

ከዚያ በኋላ የዚያ ቤት ሙከይፍ ፓምፑ በወር ሦስት ጊዜ የሚታይ ሆነ። የሀጁ ሚስት ሲት ሉጥፊያ ነቃችበት። “ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ የታመመ የሌለበት ቤት ሐኪም ምን ያመላልሰዋል?” አለችው። ሳሊህ ጣሪያ መውጣቱን ትቶ ዓርብ ዓርብ ቡሪ ሰፈር እሷን መጠበቅ ጀመረ፤ ዓርብ የሀኒፋ የዕረፍት ቀን ነው። ቡሪ መንገድ ዳር ሬሕማ የምትባል የአገራቸው ልጅ ሻይ ትሸጣለች። ሁለቱ በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አንድ ሻይ እስኪቀዘቅዝ ያወራሉ፤ ሬሕማም ሌላ እስኪያዝዙ ፊቷን ታጠቁርባቸዋለች።

አንድ ዓርብ ሳሊህ የሊቢያውን ደላላ ጉዳይ አነሳ። ሀኒፋ ብርጭቆዋን ይዛ ተነሥታ ሌላ በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

“ምን ሆንሽ?”

“ለሚሄድ ሰው ጊዜ የለኝም። ዕረፍቴ በሳምንት አንድ ቀን ነው።”

ሳሊህ ስልኩን አውጥቶ የደላላውን ቁጥር ከፊቷ አጠፋው። ሬሕማ አንገቷን አስግጋ አየችና፣ “ሌላ ቦታ ጽፎት እንደሆነስ?” አለች። ጽፎት ነበር፤ ከኪሱ ወረቀቱን አውጥቶ ምድጃዋ ውስጥ ጣለው። ሀኒፋ ወደ በርጩማዋ ተመለሰች።

ጥቅምት ላይ ላግባሽ አላት። መልሷ አጭር ነበር፦ “አባቴን አስጠይቅ።”

የእኛ ጥፋት የሚጀምረው ከዚህ ነው። በዚያ ወር ጦርነቱ ወሎ ገብቶ ሐርቡ ስልክ አይሠራም። ሳሊህ በቀን አሥር ጊዜ ይደውላል፤ “የደወሉላቸው ደንበኛ” የምትለዋ ሴት እንኳ የለችም፣ ዝም ነው። ተጨንቆ ወደ ሼህ ሙሄዲን ሄደ። ሼህ ሙሄዲን የወሎ ሰዎች ሲጣሉ የሚያስታርቁ፣ ሕፃናት ቁርአን የሚያስቀሩ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። አሰቡና፣ “ልጅቷ ያለችው ሰው ቤት ነው። አባት በሌለበት ያስጠጋት ነው የሚጠየቀው። በአገራችን አጎት ቤት የምታድግ ልጅ ከአጎቷ አይደል የምትጠየቀው?” አሉ። እኔና ውብሸት የሚባል የሃፍላ፣ የከተማ አነስተኛ አውቶቡስ፣ ሾፌር፣ ልክ ነው አልን። እኔ እንዲያውም ሱቄን ዘግቼ አዲስ ኮቴን ለበስኩ። አጎትና አሠሪ አንድ አለመሆናቸውን ከሦስታችን አንዳችንም አላነሳንም። ለሀኒፋ የነገራትም የለም፤ ሳሊህ ሊያስደስታት አስቦ ደብቋታል።

ኅዳር ውስጥ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሀጅ ባቢክር ሳሎን በር ላይ ቆምን። እንደ ደንባችን፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አልን። ሰውየው ግራ ገብቶት ሶፋዎቹን እያፈራረቀ አሳየን፤ ሶፋውን የናቅንበት መስሎታል። ሼህ ሙሄዲን በዐረብኛ፣ “ልጅዎን ለልጃችን ሽተን መጥተናል” ሲሉ ግን ገባው። ደስ አለው። ፊቱ ሲያብብ አይቻለሁ።

“ሀኒፋ ልጄ ናት” አለ። “እሰጣለሁ። ነገር ግን ሁለት ዓመት ከዚህ ቤት አትወጣም። ልጁም በሩ አጠገብ ያለው የዘበኛ ክፍል ይሰጠዋል፤ በር ይጠብቃል፣ ሙከይፉንም ያያል።”

ልብ በሉ። ባልና ሚስት ሁለቱንም ከግቢው ጋር አሰራቸው። እኛ ደግሞ ክፍል ጭምር አገኘንለት ብለን ተያየን። እኔ በልቤ ካርቱም ውስጥ ቤት ኪራይ ስንት እንደሆነ እያሰብኩ ነበር። ሼህ ሙሄዲን፣ “ኸላስ፣ አለቀ፣ በረካ ነው” ብለው ነገሩን ለማጽናት ለሚቀራው ፋቲሃ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሁላችንም ዘረጋን። በዚህ መሃል ሀጅ ባቢክር ተጣርቶ ጭማቂ አዘዘ። ጭማቂውን ይዛ የገባችው ሀኒፋ ናት።

ሦስታችንን አየች፣ የተዘረጋውን እጅ አየች፣ ሰውየውን አየች። ትሪውን አስቀመጠች። በአማርኛ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ ተናገረች፦

“ሼህ ሙሄዲን፣ አባቴ ይማም ነው። አልሞተም። እኔን ከማን ነው የጠየቃችሁት?”

ሀጅ ባቢክር ወደኔ ዞሮ፣ “ምን አለች?” አለኝ።

“ታመሰግንሃለች” አልኩት።

ይህን ቃል መልሼ መዋጥ ብችል ደስ ይለኝ ነበር። ውብሸት በበኩሉ ሁለት ብርጭቆ ጭማቂ ጠጣ፤ እስከ ዛሬ ሬሕማ ባየችው ቁጥር፣ “ማንጎ ነበር ወይስ ጉዋቫ?” ትለዋለች።

በማግስቱ ሀኒፋ ሬሕማ ዘንድ ስትመጣ እኔም ሳሊህም ነበርን። ሳሊህ ሊናገር አፉን ሲከፍት አስቆመችው።

“ፓስፖርቴ የሰውየው መሳቢያ ውስጥ ነው። ሦስት ዓመት ቆልፎበታል። አንተ አሁን እኔንም አምጥተህ ጨመርክለት።”

“ሀኑዬ፣ ስልክ የለም እኮ። ምን ላድርግ?”

“ጠብቅ። እኔ እየጠበቅኩ አይደል? አባቴ ይኑር ይሙት ሳላውቅ በየቀኑ የሰው ልብስ እተኩሳለሁ። አንተ ሁለት ወር መጠበቅ አቃተህ። የምተኩስለትን ሰውዬ አባት አደረግክልኝ።” ወደኔ ዞረች። “ጋሽ ተድላ፣ እርስዎስ? አመሰገንኩ እንዴ?”

“አላመሰገንሽም።”

“እንግዲያው የሄዳችሁት ሦስታችሁም ትመለሳላችሁ። እዚያው ሳሎን፣ በዐረብኛ፣ ተሳስተናል ትላላችሁ። ስልክ ሲከፈት አባቴን ትጠይቃላችሁ። ካልሆነ ሳሊህ በዚህ በኩል አይምጣ።”

“ሥራሽን ታጪያለሽ” አላት ሳሊህ።

“ሥራው የኔ ነው። ባጣውም እኔ ነኝ የማጣው።”

ሬሕማ ለሳሊህ ሻይ ልትቀዳ አንስታ የነበረውን ብርጭቆ መልሳ ደፋችው።

ሼህ ሙሄዲንን ማሳመን ከባድ ነበር። “ፋቲሃ የተቀራበትን ነገር ማፍረስ ነውር ነው” አሉ። ሦስት ቀን እንቅልፍ አጡ። በአራተኛው ቀን ራሳቸው ሱቄ መጥተው፣ “ወሊዋ፣ የሚድራት አባቷ፣ በሕይወት እያለ ሌላ ሰው ሊድራት አይችልም። ይህን ለልጆች ሳስተምር የኖርኩ ሰው እንዴት ረሳሁት? ያላ፣ ተነሥ” አሉኝ። የዚያን ቀን መፈንቅለ መንግሥቱን የሚቃወም ሰልፍ ስለነበር ቡሪ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል፣ ጎማ ይጨሳል። ሼሁን ደግፈን በእግራችን ሄድን።

ሀጅ ባቢክር ሼሁ ተናግረው እስኪጨርሱ አልጠበቀም።

“ሦስት ዓመት ያበላኋት እኔ ነኝ። አባቷ ምን አደረገላት?”

“ወለዷት” አሉ ሼህ ሙሄዲን። “ለበላችውም ሠርታለች። እኛ ነን የተሳሳትን። ይቅርታ የምንጠይቅህ ያለ ቦታው ስላስቀመጥንህ ነው።”

ከዚያ የኔ ተራ ነበር። “ያን ቀን ሀኒፋ አላመሰገነችህም። አባቴ አልሞተም ነው ያለችው። ዋሽቼሃለሁ” አልኩት። ሲት ሉጥፊያ ከበሩ ኋላ ነበረች። “አባት አላት?” አለች። የእውነት ገርሟት ነው የጠየቀችው። ከሁሉ በላይ ያቃጠለኝ ይኼ ነው። ሦስት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ኖረው፣ ልጅቷ ከመሬት የበቀለች መስሏቸዋል።

ሀኒፋ በዚያው ሰዓት ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ፓስፖርቷን ግን አልሰጣትም፤ የመሳቢያው ቁልፍ ኦምዱርማን ያለው ልጁ ዘንድ ነው አለ። የመሳቢያ ቁልፍ ወንዝ ተሻግሮ ሌላ ከተማ ሲያድር አላውቅም። አሥራ ሁለት ቀን እኔና ሳሊህ እየተፈራረቅን በሩ ላይ ቆምን። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ሲት ሉጥፊያ ራሷ መኪና እየነዳች ቡሪ መጣች፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ፓስፖርቱን ለሀኒፋ አቀበለቻት።

“አባትሽ ማን ይባላል?”

“ይማም።”

“አላህ ያቆይልሽ” አለችና ሄደች።

ሀኒፋ ሬሕማ ቤት ተጠግታ አንድ የልብስ ንጽሕና መስጫ ቤት መተኮስ ጀመረች። ሳሊህ በየቀኑ ይደውላል። ጥር አጋማሽ ላይ አንድ ጠዋት ጠራ። ስልኩን ለሀኒፋ ሰጣት። የአባቷን “ሀሎ፣ ሀሎ” ሁላችንም ሰማን። ቤቱ ተዘርፏል፣ በሬዎቹ የሉም፣ ሰዎቹ ግን ደህና ናቸው።

ለጥያቄው ሦስት ቀን ጠበቅን፤ እሷ ናት ጠብቁ ያለችን። ከዚያ ሦስታችንም ስልኩን የሬሕማ በርጩማ ላይ አስቀምጠን ዙሪያውን ቆምን። “ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም” አሉ ሼህ ሙሄዲን ለስልኩ። ከሐርቡ ሳቅ ተሰማ።

“መቼም አላያችሁም፣ ብትቀመጡስ?” አሉ አባትየው። ጥያቄውን ከሰሙ በኋላ ግን ሳቃቸውን ተዉ። “እሷ ምን አለች?”

ሼህ ሙሄዲን ሀኒፋን አዩ፤ ስልኩን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት።

“ከናንተ ፈቃድ ካገኘ እፈልገዋለሁ” አለች። “መጀመሪያ ዘመዶቹን አጣራ።”

አባትየው ሦስት ሳምንት ወሰዱ፤ የሳሊህ አገር ድረስ ሰው ልከው አስጠየቁ። በየካቲት ሁለተኛው ዓርብ፣ “ሰጥቻለሁ” አሉ። ፋቲሃው እንደገና ተቀራ፤ በዚህኛው የሀኒፋም እጅ ተዘርግቶ ነበር። ሳሊህ ቀለበቱን ጣቷ ላይ በኃይል ሲገፋው ሬሕማ፣ “ቀስ በል፣ ፓምፕ አይደለም” አለችው።

ይህን እንደምጽፍ ስነግራት ሀኒፋ ካውያውን አቆመችና አሰበች።

“ይጻፉት፣ ጋሽ ተድላ። ግን ለሚያነቡት ሰዎች አንድ ልመና ያድርሱልኝ። ቤታቸው የምትሠራ ልጅ ካለች፣ ዛሬ ማታ ሳይሉ አሁን ይጠይቋት፤ የአባቷን ስም፣ የእናቷን ስም፣ የቀበሌዋን ስም። ስልካቸውን በወረቀት ይጻፉት። ስልክ ስለሚቋረጥ የጎረቤታቸውንም ይጨምሩ። ሽማግሌ መጥቶ ከነሱ ቢጠይቃት ደግሞ ደስ አይበላቸው፤ ወረቀቱን ያውጡና ይስጡት።”