የሁለተኛ ቢ ልጆች ደንብ

የሻሽወርቅ ቦጋለ ጆሮዋ እየከዳት መሆኑን ያወቀችው ምናለሽ ተራ ዝም ያለባት ቀን ነው። ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ሰው ይህ እንዴት ያለ ጉድ እንደሆነ ይገባዋል። እዚያ መርካቶ መሃል ፀሐይ ሳይሞቅ ጀምሮ በርሜል ይቀደዳል፣ ቆርቆሮ ይቃናል፣ ብረት ይቀጠቀጣል፤ እሷ የምታስተምርበትን ትምህርት ቤት ከዚያ ሁሉ መዶሻ የሚለየው አንድ የግንብ አጥር ብቻ ነው። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ገባችና፣ «ባለመዶሻዎቹን አስነሷቸው እንዴ? ዛሬ ጭጭ ብለዋል» አለች። መምህራኑ ሳቁ። ጨዋታ አዋቂ ስለሆነች የቀለደች መስሏቸው ነው፤ በዚያች ደቂቃ እንኳ የመስኮቱ መስታወት በቅጥቀጣው ይንቀጠቀጥ ነበር። እሷም መስታወቱን አየችው፤ አብራም ሳቀች።

ለማንም አልተናገረችም። ምነው ብትናገር የሚል ይኖራል፤ እንዲህ የሚለው የሚያጣው ነገር የሌለው ሰው ነው።

የሻሽወርቅ አብነት ተወልዳ አብነት ያደገች የልብስ ሰፊ ልጅ ናት። አባቷ የስፌት መኪናውን እንድትረከበው ቢመኝም፣ እሷ ገና በልጅነቷ የሠፈሩን ሕፃናት ደረጃ ላይ ደርድራ የጎረቤት ግድግዳ ላይ በከሰል እየጻፈች ታስተምር ነበር፤ ለግድግዳው የተገረፈችውን ዛሬም ትስቅበታለች። ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣች እዚሁ ትምህርት ቤት ተመደበች፤ ከዚያ ወዲህ አልተነቃነቀችም። ትዳር ይዛ ነበር፤ ሳይሰነብት ፈረሰ። ክፍሏ ግን ሁሌም ሙሉ ነው። ከሲኒማ ራስ እስከ አብነት በእግሯ ስትሄድ ባለሱቁም፣ ጣቃ የተሸከመው ወዛደርም «ቲቸር» እያለ መንገድ ይለቅላታል። ማንበብ ያስተማረቻቸው እሷ ናታ።

ታዲያ ጋሼ ከተማን በየቀኑ ታያቸዋለች። ጋሼ ከተማ ጎን ለጎኗ ለዓመታት ያስተማሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ሲደክም ከክፍል ወጥተው ንብረት ክፍል ገቡ፤ ደመወዛቸው አልተነካም፣ ክፉ የተናገራቸውም የለም። ጠዋት ልጆች ሲሰለፉ ግን፣ በተሰበሩ ወንበሮች መሃል ቆመው በበሩ በኩል ወደ ሰልፉ አንገታቸውን ያሰግጋሉ። የሻሽወርቅ ያንን ባየች ቁጥር ምላሷን ትሰበስባለች።

ሐኪም ዘንድስ ሄዳ ነበር። የሰጧት ማዳመጫ የልጆቹንም ድምፅ የመዶሻውንም እኩል እያጎላ ጆሮዋ ውስጥ ገበያ ሲያቆምባት አውልቃ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወዲህ የምትሰማው በዓይኗ ነው፤ የሰው ከንፈር ታነባለች። ለሁለተኛ ቢ ልጆቿም ደንብ አወጣች። የሚናገር ልጅ ይነሳል፤ እጁን ከአፉ ያወርዳል፤ ቲቸርን እያየ፣ አፉን ከፍቶ ይናገራል። ከኋላ የመጣውን ጥያቄ ደግሞ ፊት የተቀመጠው ተቀብሎ ይደግመዋል። «ሥነ ሥርዓት ነው» አለቻቸው። በየመስከረሙ አዲስ ልጆች ይመጣሉ፤ ደንቡን ቶሎ ይለምዱታል። እንዲያውም ሳትነግራቸው የሚያውቁት የሚመስላት ጊዜ ነበር። ብልጥ ልጆች ናቸው ብላ አለፈችው።

ጭንቁ ከትልልቆቹ ጋር ነው። መምህር ሆኖ ተሙማን የማያውቅ የለም። ሙሉ ስሙ ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ነው፤ በዓመት ስድሳ ሰዓት ሥልጠና፣ ውይይት፣ የቡድን ሥራ። ስሙ ሲነሳ ብዙው መምህር ያዛጋል። የሻሽወርቅ ግን ለማዛጋት እንኳ ፋታ የላትም፤ ፊት ወንበር ትቀመጥና ሰው ራሱን ሲነቀንቅ ትነቀንቃለች፣ ሰው ሲስቅ ትንሽ ዘግይታ ትስቃለች። ስድሳውን ሰዓት እንዲህ በፈገግታ ትገፋዋለች። ዘንድሮ የሙያ ፈቃዷ የሚታደስበት ዓመት ሆነ። ርእሰ መምህሩ አቶ በፍቃዱ፣ ፈቃድ የሚያድስ መምህር ሁሉ ባልደረባው ክፍሉ ገብቶ ሙሉውን ክፍለ ጊዜ እንደሚመለከተው፣ ያ ምልከታ ካልተፈረመበትም ፈቃዱ እንደማይታደስ ተናገሩ። ለእሷ የደረሳት ዛኪር ነው።

ዛኪር የጨርቃ ጨርቅ አከፋፋይ ልጅ፣ ወጣት የሂሳብ መምህር፣ ቅን ሰው ነው። ግን ሲናገር ይፈጥናል፤ ይባስ ብሎ እስክሪብቶውን ከንፈሩ ላይ እያደረገ ነው የሚያወራው። ከትምህርት ቤቱ ሰው ሁሉ የሻሽወርቅ ማንበብ ያቃታት አፍ የእሱ ነበር።

በቀጠሮው ቀን ዛኪር የመጨረሻው ወንበር ላይ ጉልበቱን አጣጥፎ ተቀመጠ። ትምህርቱ መቀነስ ነበር። የሻሽወርቅ ለየልጁ የለስላሳ ቆርኪ አደለች። የመርካቶ ልጅ መቀነስ ይከብደዋል ብሎ የሚያስብ ካለ መርካቶን አያውቅም። ልጆቹ በየተራ እየተነሱ፣ እጃቸውን አውርደው፣ አፋቸውን ከፍተው መለሱ። መስኮቱ ሥር ያለው ልጅ የጠየቀውን ከፊቱ ያለችው ተቀብላ ደገመችው። የሻሽወርቅ ላብ ቢያጠምቃትም ልቧ ቀስ በቀስ ረጋላት። «ዛሬን አለፍኩ» አለች በሆዷ። የቤት ሥራ ለመጻፍ ጠመኔዋን አንስታ ወደ ሰሌዳው ዞረች።

እጅጌዋ ሲጎተት ነው የነቃችው። ሀፍሷ ናት፤ ፊት ወንበር የምትቀመጠው፣ ሁለት ጥርሷ የወለቀው። ፊቷን ቀና አድርጋ፣ አፏን ከፍታ፣ «ቲቸር፣ ቲቸር ዛኪር እየጠሩዎት ነው» አለች።

የሻሽወርቅ ዞረች። ዛኪር እስክሪብቶውን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ያያታል። ደጋግሞ እንደተጣራ ከፊቱ ገባት። ልጆቹ ደግሞ ሁሉም ወደ ኋላ ዞረው እሱን ያዩታል፤ ኮስተር ብለዋል። ከመሃል አንዱ ተነሳ።

«ቲቸር ዛኪር፣ እዚህ ክፍል ተነስተው ነው የሚናገሩት። እስክሪብቶም ከአፍ ይነሳል።»

ዛኪር ልጁን አየ፤ እሷን አየ። ቀስ ብሎ ተነሳ። እስክሪብቶውን የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተ፤ እጁን አወረደ፤ አፉን ከፍቶ፣ አንድ በአንድ፣ «እትዬ የሻሽ፣ ሰዓቱ አልቋል ልልዎት ነበር» አለ። ከተዋወቁ ጀምሮ የሚለውን ሙሉ በሙሉ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው።

ልጆቹ ለእረፍት ሲወጡ ዛኪር ቀረ። መጥቶ የሀፍሷ ወንበር ላይ፣ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። የሻሽወርቅን በዚያች ሰዓት ያን ሁሉ ዘመን ያልተሰማት ድካም ተሰማት።

«አልሰማም» አለች። ይህን ቃል ከአፏ አውጥታው አታውቅም። «ጻፈው። ለእኔ ብለህ አትዋሽ። ንብረት ክፍል ገብቼ ለጋሼ ከተማ ጓደኛ እሆናቸዋለሁ።»

«እትዬ የሻሽ፣ እኔ እኮ መጨረሻ ወንበር ተቀምጬ የልጆቹን ሁሉ ድምፅ ሰማሁ» አለ ዛኪር፣ ረጋ ብሎ። «እኔ ክፍል በመዶሻው የተነሳ ከሁለተኛው ወንበር ወዲያ ያለ ልጅ አይሰማኝም። ምን እንዳለ ስለማላውቅ ‹ጎበዝ› ብዬ አልፈዋለሁ። ቤቴ የምገባው ጉሮሮዬ ተዘግቶ ነው። እዚህ ግቢ የሚሰማ የለም፤ መላ ያበጁለት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«ያየኸውን ግን ትጽፋለህ።»

«ያየሁትን በሙሉ እጽፋለሁ። የጆሮዎን ነገር ግን ለአቶ በፍቃዱም ለመምህራኑም እርስዎ ይንገሯቸው።»

ነገረቻቸው። በሚቀጥለው የተሙማ ስብሰባ ከፊት ወንበሯ ተነሳች፤ እጇን አወረደች። «ባለመዶሻዎቹን አስነሷቸው ወይ ብዬ የጠየቅኳችሁ ቀን አልቀለድኩም» አለች። የሳቀ የለም። አቶ በፍቃዱ ቸኩለው የሚወስኑ ሰው ስላልሆኑ በማግስቱ ራሳቸው መጥተው የሁለተኛ ቢ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ተቀምጠው ሊጠይቁ ሲሉ ልጆቹ አስነሷቸው። ሲወጡ በሩ ላይ ቆሙና፣ ፊቷን እያዩ፣ «እኛ የምንጠየቀው ልጆቹ ይማራሉ ወይ ተብለን ነው፤ ይማራሉ። እፈርማለሁ። የሚቀጥለው ዓመት ተሙማችን ይኸው ደንብ ይሆናል፤ አሠልጣኛችን እርስዎ ነዎት» አሏት።

«ሥልጠናው ላይ ጋሼ ከተማም ይጠሩልኝ» አለች የሻሽወርቅ።

አሁን የቀሯት ልጆቿ ናቸው። በነጋታው ጠዋት ሰሌዳው ፊት ቆመች።

«ልጆች፣ የደበቅኳችሁ ነገር አለ። የቲቸር ጆሮ በደንብ አይሰማም። ደንቡ ለሥነ ሥርዓት አልነበረም፤ ለእኔ ነው።»

ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። የደነገጠ ቀርቶ የገረመው እንኳ የለም። ሀፍሷ ተነሳች፤ እጇን አወረደች።

«እናውቃለን» አለች።

«ማን ነገራችሁ?»

«እህቴ ማሂራ። ለእሷ ደግሞ ከእሷ በፊት የነበሩት ናቸው የነገሯት። ሁለተኛ ቢ ስንገባ፣ መጀመሪያ ቀን በር ላይ ይነግሩናል። ለትልቅ ሰው አትንገሩ ተብለናል፤ እርስዎን እንዳይወስዱብን ነው።»

ማሂራ አሁን ስምንተኛ ክፍል ናት። የሻሽወርቅ የማሂራን ክፍል አስታወሰች፤ ከዚያም በፊት የነበሩትን፣ ዛሬ አንዳንዶቹ ሱቅ የያዙትን። እሷ ከሰው የደበቀች ሲመስላት፣ ለካ እነዚያ ሁሉ ልጆች እየተቀባበሉ ደብቀዋታል። እንባዋን እንዳያዩባት ወደ ሰሌዳው ዞረች፤ ጀርባዋን ከሰጠቻቸው ግን ምንም ሊነግሯት እንደማይችሉ ትዝ አላትና እንባዋን ሳትጠርግ ተመለሰች።

ሀፍሷ አልተቀመጠችም፤ እስክትዞርላት እየጠበቀቻት ነበር።

«ቲቸር፣ ከእንግዲህ ለሚመጡት ልጆች ማን ነው የሚነግራቸው?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ» አለች የሻሽወርቅ።

ሀፍሷ ትንሽ አሰበችና፣ «እሺ፤ እኛም ግን በር ላይ እንጠብቃቸዋለን» ብላ ተቀመጠች።