በበራድ የበቀለ ቫዮሌት

እናቴን ዓይኗ እየከዳት በሄደ ቁጥር ከቤቱ ሥራ አንድ አንዱን ቀማናት። መጀመሪያ ቢላዋውን፣ ቀጥሎ እሳቱን። የቀራት መስኮቱ ሥር የደረደረቻቸውን አፍሪካን ቫዮሌት የሚባሉ አበቦች ማጠጣት ብቻ ነበር። እሱም ሊያመልጣት ሆነ። የቫዮሌት ቅጠል እንደ ከፋይ የለሰለሰ ነው፤ ውሃ ሲያርፍበት ግን ይጠቁርና ይበሰብሳል። እናቴ ደግሞ ሥሩን ማየት አቅቷት የምታፈስሰው ቅጠሉ ላይ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ አዲስ ዓለም ካለው ሱቁ የቻይና ፕላስቲክ አበባ ይዞ መጣ። «ይኸን ታጠጣ፤ በምን ታውቃለች?» አለኝ በሹክሹክታ። እናቴ እጇን ዘርግታ ቅጠሉን በሁለት ጣቷ አሸት አደረገችው።

«ይኸንስ ዓይን ላለው ስጠው፣ ልጄ» አለችው።

የዚያን ቀን በወንድሜ የተናደድኩትን ያህል በማንም ተናድጄ አላውቅም። እናቴ ዓይኗ እንጂ ልቧ መቼ ጠፋ! እኔ ደግሞ ነገር ከያዝኩ አልለቅም።

ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ክዳናቸው የጠፋ አሮጌ የሻይ በራዶች ለቃቀምኩ። የእያንዳንዱን ጎን ከግርጌው አጠገብ በሚስማር በሳሁ፤ ከሥር ጠጠር፣ ከላይ አፈር ሞላሁበትና ቫዮሌቱን በአፉ በኩል ተከልኩ። ሻዩ ይቀዳበት በነበረው ጡት ውሃ ሲጨመር በቀጥታ ጠጠሩ ላይ ይወርዳል፤ ቅጠሉን አይነካም። ሁሉንም ቆርቆሮ ትሪ ላይ ደረደርኳቸው። ወንድሜ አይቶ ሳቀ።

«ሻይ ቤት ልትከፍቺ ነው እንዴ?»

«አንተ ስኳሩን አምጣ» አልኩት።

እናቴ የበራዱን ጡት በግራ እጇ ዳብሳ አገኘችው። ለሶላት የምትታጠብበትን የዉዱእ ማንቆርቆሪያ አፍ እዚያ ላይ አስደግፋ በቀስታ አንቆረቆረች። ትርፉ ውሃ በቀዳዳው ወጥቶ ትሪው ላይ ጠብ ሲል ሰማችና ማንቆርቆሪያውን ቀና አደረገች። «ይኸኛው ጠጣ» ብላ ወደሚቀጥለው አለፈች። ላግዛት እጄ እየበላኝ ክንዴን አጣጥፌ ቆምኩ። ደስታዬ ግን ልክ አልነበረውም።

ለዒድ ወንድሜ ከነልጆቹ ሲመጣ በራዶቹ አፍ ላይ ሐምራዊ አበባ ፈክቷል። እናቴ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ስትነሳ አይቶ ብድግ አለ።

«እማዬ፣ አንቺ ተቀመጪ፤ እኔ አጠጣለሁ።»

ማንቆርቆሪያውን ወደ ደረቷ ሳበችው።

«ምነው? አንተ እንግዳ ነህ፤ ቁጭ በል። ይኸ የኔ ሥራ ነው።»