የመከታ አጥር

ባለፈው ሳምንት ልጄ ወረታ ውስጥ ለሠራችው ቤት የጓሮ አጥር ልታሠራ ግንበኛ ጠርታ ነበር። ቡችላ ገዝታለች። "እማዬ፣ አድጎ እየዘለለ ወጥቶ መኪና እንዳይገጨው ቁመቱ ምን ያህል ቢሆን ይሻላል?" አለችኝ። ግንበኛው ሜትሩን ዘርግቶ ይጠብቃል። እኔ ግን ውኃ ልጠጣ ብዬ ወደ ቤት ገባሁ።

ሙሽራ ሆኜ ወደ ባሌ አገር ቁሐር ሚካኤል ስገባ ከአባቴ ቤት ተከትሎኝ የመጣ ውሻ ነበረኝ፤ መከታ ይባላል። በዚያ ባዳ አገር ከእሱ በቀር የማውቀው አልነበረም። የሩዝ ማሳ አርሜ፣ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ለብሼ ስመለስ፣ የእሾህ አጥራችንን እንደ ሚዳቋ ዘሎ መንገድ ላይ ይቀበለኛል። ጣጣ ያመጣውም ያው ዝላዩ ነው። አንድ ቀን "ስለ ማርያም" ብሎ ደጃችን የቆመ የቆሎ ተማሪ ላይ ዘሎ ወጥቶ ባቱን ነከሰው። በማግሥቱ መምህሩ ራሳቸው መጡ። የቁጣ ቃል አልወጣቸውም።

"ልጆቼ፣ ውሻውን ግደሉት አልልም። አጥሩን ግን ከፍ አድርጉት" አሉ።

"እሺ የኔታ፣ እናደርጋለን" አለ ባሌ አጎንብሶ።

እውነታቸውን ነበር። ባሌ አጣና አስመጥቶ፣ ከራሱ ቁመት አስበልጦ፣ ጥቅጥቅ አድርጎ አጠረው። መከታ ደጋግሞ ሞከረና ተንሸራተተ። ከዚያ ወዲያ በአጣናው መሐል አፍንጫውን አሹልኮ ይጠብቀኝ ጀመር። እኔም ከእንግዲህ ሰው አይነክስም፣ እሱም በድንጋይ አይመታም ብዬ ደስ አለኝ።

ነሐሴ ላይ የርብ ወንዝ ሞላ። ውኃው ሜዳውን እያለበሰ ሲመጣ ከብቶቹን እየነዳን ወደ ወረታ ሸሸን። ባሌ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበርና ሲደርስብን ጠየቅሁት።

"በሩን ከፈትህለት?"

"ከፍቼለታለሁ። ይከተለናል።"

ዘመድ ቤት ተጠለልን። የጓያ ሽሮ ቀረበልን፤ እኔ ግን ወደ በሩ ዞሬ ተቀመጥኩ። ዓይኔ መንገዱ ላይ ነበር።

"ዋና ይችላል፤ አይዞሽ" ይለኛል ባሌ፣ እየጎረሰ።

ውኃው ሲጎድል ተመለስን። በሩ በውጭ በኩል በሽቦ ታስሯል። በአጣናው ላይ የደለሉ ምልክት ወገቤ ድረስ ነበር፤ ከዚያ በላይ የጥፍር ጭረት፣ ዙሪያውን፣ በየአጣናው። መከታ ጥግ ላይ ጭቃ ለብሶ ወድቋል። የድሮው አጥር ቢሆን በአንድ ዝላይ ይወጣ ነበር።

"ታዲያ ቤቱን ማን ይጠብቅ?" አለ ባሌ። ደግሞም፣ "ውሻ እኮ ነው" አለ።

አካፋ ይዤ መጣሁ። አብረን ቀበርነው። ሩዝ ዘራን፣ ልጆች ወለድን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን "አድርጌዋለሁ" ባለኝ ቁጥር ተነሥቼ በዓይኔ አይ ነበር። እሱም ለምን እንደሆነ ያውቃል፤ ጠይቆኝ አያውቅም።

ባሌ ከሞተ ቆይቷል። ለቀስተኛው ሁሉ ደግ ሰው ነበር አለ፤ ሐሰት አይደለም። እኔም ከልቤ አልቅሼ ቀብሬዋለሁ። ለልጄ ይህን አልነገርኳትም፤ አባቷ ነው። ነገር ግን ያን ሁሉ ዘመን አንድ አልጋ ላይ ስንተኛ፣ ሌላ ጎርፍ ቢመጣ ከበሩ በየትኛው ወገን እንደሚተወኝ ሳላውቅ ነው ያረጀሁት።