ማንካ ማሳ

ደንብ የሚያውቅ ሰው ሚስት ለማጨት ሽማግሌ ሲልክ እሱ ቤቱ ይቀመጣል። ጥፍሩን እየነከሰ ወሬ ይጠብቃል እንጂ በልጅቱ ደጅ ዝር አይልም፤ ነውር ነው። እኔ ግን ያን ዕለት ዝር ማለት ብቻ አይደለም፣ ዶቅዶቄ እየገፋሁ ከነግሳንግሴ ገባሁ።

ዲማ ቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ ስለይ ከርሜ፣ ጣልያን ሲገባ ጉባኤው ተበተነና ደብረ ማርቆስ አንድ ጋራዥ ተቀጠርኩ። ሥራዬ ዕቃ ማጠብና መኪና መግፋት ነበር። በመግፋት በኩል ሊቅ ነበርኩ ማለት እችላለሁ። ከጣልያንኛውም ካንዴላ የምትባለውን ብልጭታ የምትሰጥ ዕቃና ጥቂት ስድብ አውቅ ነበር።

የልጅቱ አባት ከአማኑኤል ከተማ ወዲህ፣ በመኪናው መንገድ ዳር፣ ሰፊ መሬት ያላቸው ገበሬ ናቸው። ሽማግሌ ሳልልክ በፊት ሐሳባቸው ጆሮዬ ደርሷል፦ «ማሳ የሌለው ሰው ልጄን ምን ሊያበላት ነው? ብረት ይታጨዳል?» እሳቸው ካልተረቱ ልጅቱ ቀረች ማለት ነው።

ሽማግሌዎቹ በበቅሎ በሄዱበት ቀን ታዲያ አለቃዬ፣ ያ ቁጡ ጣልያን፣ አንድ የተጠገነ ዶቅዶቄ አማኑኤል ሱቅ ለከፈተ ወገኑ እንዳደርስ ላከኝ። መንገዱ የሚያልፈው በደጃቸው ነው! ከደጅ አልቆምኩ፣ መንገዴን ነው የሄድኩት እላለሁ ብዬ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ክላክስ እየነፋሁ ከነፍኩ። ሽማግሌዎቹ «ያውልዎ፣ እሱ ነው» ሲሏቸው በሐሳቤ ይታየኝ ነበር።

ልክ ከማሳቸው ጫፍ ስደርስ ዶቅዶቄው «ኸ» አለና ጸጥ።

ወርጄ ረገጥኩት፤ ወይ ፍንክች። ቤንዚኑ አለ፣ ይሸታል። ካንዴላውን ፈትቼ ከሞተሩ ብረት አስጠጋሁና ብልጭታው በፀሐይ እንዳይጠፋብኝ ከነራሴ ነጠላ ተከናንቤ ረገጥኩ፤ ጨለማ ነው። አንዲት መንገደኛ አሮጊት ጸሎት ላይ መስያቸው «ይስማህ ልጄ» ብለውኝ አለፉ። የመብራቱን ማብሪያ ከፈትኩ፤ አይበራም። ክላክሱም ዲዳ። ባትሪው ሞቶ እንደሆነ ብዬ ጎንበስ አልኩና ሁለቱን ጫፎቹን ባንዴ በምላሴ ላስኳቸው። ወይ ጉድ! ኮምጣጣ መብረቅ። ያቺ ስንት ቅኔ የዘረፈች ምላሴ ተኮማትራ ቀረች። ባትሪው ደኅና ነው እንግዲህ፤ ኤሌክትሪኩ ግን የትም አይደርስም።

በዚህ መሀል የጣልያን መኪና ተሰልፎ መጣ፤ ካንዱ ላይ አለቃዬ ተቀምጧል። በዚያ ዘመን ከጎጃም መንገድ ላይ ቆሞ የሚያወጋ ጣልያን አልነበረም፤ ከየቁጥቋጦው ጥይት ይመጣል። ሳይቆም አንገቱን አስግጎ ጮኸብኝ። እኔም ጎን ለጎን እየሮጥኩ መብራቱም፣ ክላክሱም፣ ካንዴላውም እንቢ ማለታቸውን በእጄ አስረዳሁ።

«ማንካ ማሳ!» አለ። «ማንካ ማሳ፣ አዚኖ!»

ሦስተኛዋ ቃል አህያ ማለት ናት፤ የዘወትር ስሜ ስለሆነች አውቃታለሁ። ሁለቱ ግን ጥርት ያለ አማርኛ ናቸው! ማንካ ያው ማንኪያ፣ ማሳም ያው ማሳ። የቅኔ ተማሪ ይህን ሰምቶ ዝም አይልም፤ ወርቁን ቆፈርኩ። መብረቅ መጨረሻው መሬት አይደለም? እንግዲያው ዶቅዶቄው ከታረሰ አፈር ላይ ይቁም፣ አፈርም በማንካ ይሰጠው! ምሥጢሩ ተገለጠልኝ። ዛሬ ሳስበው ጣልያኑ ሦስተኛዋን ቃል በከንቱ አልጨመራትም።

ዶቅዶቄውን ገፍቼ ከሰውየው ማሳ መሀል አቆምኩና ወደ ደጃፋቸው ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ከግራሩ ጥላ ሥር ከአባትየው ጋር ተቀምጠዋል።

«እንደምን ዋላችሁ። ማንካ ታውሱኛላችሁ?»

ነገር አዋቂው ሽማግሌ ፊታቸውን በጭራቸው ከለል አድርገው «ይሄ እሱ አይደለም» አሉ።

«እሱ ነው እንጂ!» አሉ አባትየው። «ምነው አንተ፣ ሳይሰጡህ ልትበላ መጣህ?»

«ለዶቅዶቄው ነው ጌታዬ።»

«ይበላል እንዴ?»

ልጅቱ የብረት ማንካ ይዛ ወጣች። ዓይኗ መሬት ላይ ነው፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

ሁሉም ተከትለውኝ ማሳው ውስጥ ገቡ። አፈር ዝቄ በባትሪው ዙሪያ ነሰነስኩ።

«ዘሩስ?» አሉ አባትየው። «ጤፍ ነው ተልባ?»

አፍሬ አፈሩን በማንካው እጀታ መጥረግ ስጀምር ማንካው ባንድ ወገን የባትሪውን ጫፍ፣ በሌላው የዶቅዶቄውን ብረት ነካ። ሳላጠፋው የተውኩት መብራት ቦግ!

«ኧረ ዓይኑን ገለጠ!» ብለው አባትየው ወደ ኋላ ዘለሉ።

ማንካውን ሳነሣ ጠፋ፤ ስመልስ በራ። ቀረብ ብዬ ባይ ከባትሪው ወደ ብረቱ የሚሄደው ሽቦ ዝጎ ከሥሩ ተበጥሷል። ኋላ እንደተማርኩት፣ ማንካ በጣልያንኛ «ጎድሏል» ነው፤ ማሳ ደግሞ ኤሌክትሪኩ ዞሮ ወደ ባትሪው የሚመለስበት የዶቅዶቄው ብረት ነው።

ማንካውን በጠፍር ከቦታው ጠፍሬ፣ ካንዴላውንም መልሼ ገጥሜ ረገጥኩ። ዶቅዶቄው አጓራ! የሽማግሌዎቹ በቅሎዎች ማሰሪያቸውን በጥሰው ወደ ደብረ ማርቆስ ነጎዱ።

«ምን ጎድሎት ኖሯል?» አሉኝ አባትየው ጮክ ብለው።

«ማሳ፣ ጌታዬ። ማሳ አጥቶ ነው።»

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ «እንደ ጌታው በለኛ!»

ወዲያው ጠጋ አሉና ዝቅ ባለ ድምፅ «ቤንዚኑ የማን ነው?» አሉኝ።

«የጣልያን።»

«እንግዲያ ይቃጠልበት! እስቲ አዙረኝ።»

ጋቢያቸውን ሰብስበው ከኋላዬ ወጡ። በድንበር ከእሳቸው ጋር የሚካሰሰው ጎረቤታቸው ደጅ ስንደርስ ጀርባዬን እየደበደቡ «ክላክሱን! ክላክሱን!» አሉኝ። ነፋሁላቸው። ስንመለስም በዚያው እንድንዞር አዘዙኝ፤ ጎረቤትየው በመጀመሪያው ምናልባት አላየን ይሆናል ብለው።

ከግራሩ ሥር ሲወርዱ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ ጉሮሯቸውንም ጠረጉ።

«ልጄን ሰጥቻለሁ። የሚያርሰውንም መሬት እኔ እሰጠዋለሁ።»

ሽማግሌዎቹ እጅ ሊነሡ ብድግ ሲሉ አባትየው ጣታቸውን ቀሰሩ።

«ዳሩ ግን ከዚህ ደጅ የምትወጣው በበቅሎ ነው! በዚህ ጉድ አይደለም!»

«በበቅሎ፣ በበቅሎ» አሉ ሽማግሌዎቹ ባንድ አፍ። እነሱማ የተመለሱት በእግራቸው ነበር።