ዋቅቶላ «ምን ትሠራለች?» ያላት የጎማ ክዳን

ስሙኝማ፣ ይቺን የዋቅቶላን ነገር ሳልነግራችሁ ብውል ሆዴ ይፈነዳል። የሳይክል ጎማ አየር መሙያ ጫፍ ላይ የምትገጠም፣ ጥፍር የምታክል ክዳን አለች አይደል? አዎ፣ ከስንቱ ሳይክል ላይ ጠፍታ የቀረችው። በሷ የተነሳ ነው ሁሉም።

ዋቅቶላ የለቡ ልጅ ነው። አባቱ ጤፍ ያርሱበት የነበረው መሬት ላይ ዛሬ ፎቅ ቆሟል፤ እሱ ቀለም ቀቢ ሆኖ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። ጠዋት ጠዋት የስድስት ዓመት ልጁን ሊሊን ከኋላው አፈናጦ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ ትምህርት ቤት ያደርሳታል። «ታክሲ ውስጥ ከምትጨፈለቅ እኔ ጀርባ ብትሆን ይሻላታል» ይላል።

ጎሚስታው ኑረዲን ጎማ በነፋለት ቁጥር ይጨቀጭቀዋል።

«አንተ ሰውዬ፣ ክዳኗን ግጠም እንጂ!»

«አየሩን የሚይዘው ቫልቩ ነው። እሷ ምን ትሠራለች? ጌጥ ናት።»

«አየር ትይዛለች መች አልኩ? መንገዱ ሁሉ ተቆፍሮ አሸዋ ነው፣ ይገባብሃል።»

«ክዳን ልትሸጥልኝ ነው፣ ነቅቼብሃለሁ!» ብሎ እየሳቀ ይሄዳል።

ከዚያ ነገር መጣ። ማታ በራሱ የእጅ ፓምፕ ጢም አድርጎ የነፋው የፊት ጎማ ጠዋት ተንፍሶ ይገኛል። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ በሦስተኛው «ይሄ የሰው እጅ ነው» አላት ለሚስቱ ለጫልቱ። ማን እንደሆነም አወቀ፤ ምድር ቤት ያለው ደምሰው ነዋ! ደረጃ ሥር ሳይክል አታቁም ብሎ ተጣልቶት የለ?

ሳይክሉን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ አወጣው፣ ቤት አስገብቶ በሩን ቆለፈ። ጠዋት ሲነሳ ጎማው ተንፍሷል።

በተቆለፈ ቤት! «ጫልቱ፣ ይሄ እጅ አይደለም። መተት ነው።»

ጎማውን እንደገና ነፋው፣ እሷ ጸበል አምጥታ ረጨችው። አየር መሙያው ጫፍ ላይ ትንሽ አረፋ ቡልቅ አለች። ደግሞ ሌላ። ባልና ሚስቱ ጎንበስ ብለው አዩት።

«አየሽ? እየለቀቀ ነው! መተቱ እየወጣ ነው!»

ጸበሉስ አየሩ የሚወጣበትን ቁልጭ አድርጎ አሳይቶት ነበር፣ ማየት ያቃተው እሱ ነው።

ጫልቱ ሊሊን ወደ ራሷ ሳብ አደረገቻት። «ዛሬ እንኳ በእግር ውሰዳት።»

«ለቀቀ እኮ አልኩሽ! ሊሊዬ፣ ነይ ውጪ!»

ቁልቁለቱን ሳያጋምሱ መሪው ከበደው።

«አባዬ፣ ሳይክሉ ለምን ይጨፍራል?» አለች ሊሊ።

ፍሬን ያዘ። የፊት ጎማው ከቸርኬው ሸሸ፣ አስፋልቱ ላይ ተዘረሩ። ከኋላቸው አሸዋ የጫነ መኪና ጡሩንባውን እያስጮኸ መጥቶ መጥቶ፣ ከሊሊ ጭንቅላት አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ልጅቷ ተረፈች። እጇ ግን ተሰብሯል።

ኑረዲን ቫልቩን ፈትቶ መዳፉ ላይ አራገፈው። ሁለት ፍሬ አሸዋ።

«በነፋህ ቁጥር ወደ ውስጥ ስትገፋው ነው የከረምከው» አለው።

«ሁለት ክዳን ሽጥልኝ» አለ ዋቅቶላ።

አሁን ሁለቱም ጎማ ክዳን አለው። ሊሊ ግን ጀሶው ከተፈታላትም በኋላ ሳይክሉ ላይ አልወጣም ብላ ቀርታለች። አባቷ ብቻውን ሲወርድ በረንዳው ላይ ቆማ፣ ከዓይኗ እስኪጠፋ ሳትተነፍስ ታየዋለች። ነይ ብትባልም አትሰማም።

እናንተስ፣ ንቃችኋት ጉድ የሠራቻችሁ ትንሽ ዕቃ የለችም?