መጋረጃውን ያወረድኩበት እሁድ

መድረክ መሪ ሆኜ ሥራ የጀመርኩበትን ቀን አልረሳውም። ቦታው ለገሃር አካባቢ ያለ አንድ አሮጌ የቴአትር አዳራሽ ነው። አዘጋጁ ጋሽ ታፈሰ ከመድረኩ ግራ ጎን አቆሙኝና የመጋረጃውን ገመድ፣ የደወሉን ቁልፍ፣ ከመብራት ክፍል ጋር የምንነጋገርበትን ሬዲዮ አንድ በአንድ አሳዩኝ። ከዚያ በጎን ባለው ጥቁር ጨርቅ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በጣታቸው ጠቆሙኝ።

«ተዋናዩን በጆሮሽ ተከታተይው፤ ዓይንሽ ግን እዚህ ይሁን» አሉኝ። «ሰው መቼ እንደሚስቅ፣ መቼ እንደሚሰለች፣ መቼ ስልኩን እንደሚያወጣ አይተሽ ትነግሪኛለሽ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ያ ሁሉ ሰው ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ አፍጥጦ የሚያየው እኔን ብቻ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ስንት ትርኢት እንደመራሁ አላውቅም፤ ተመልካችን መፍራት ግን አልተወኝም። ባልደረቦቼ ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ።

መድረክ መሪ ማለት መድረክ ላይ የማትታይ ሰው ማለት ነው። ዕቃው ቦታ ቦታው መሆኑን ታረጋግጣለች፤ ደወል ትደውላለች፤ ተዋናይ ቃሉ ሲጠፋው በሹክሹክታ ታቀብላለች፤ መጋረጃ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። አዘጋጁ ያላዘዘውን አታደርግም።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ስለ አንድ የፍቅር ኮሜዲ ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። ማህሌት የምትባል ልጅ ከሥራ ተቀንሳለች፤ ለእጮኛዋ ለዳኜ ግን አልነገረችውም። በየቀኑ ጠዋት ለብሳ፣ ተቀብታ፣ ቢሮ እንደሚሄድ ሰው ትወጣለች። ዳኜ ቡልጋሪያ ሰፈር ጎማ ቤት አለው። ቀናተኛ ነው። ቦርሳዋን ይበረብራል፣ ስልኳን ይፈትሻል፣ ሶፋ ሥር ተደብቆ ስታወራ ያዳምጣል። ሁለቱም ጥፋት አለባቸው። ደራሲው ሆን ብሎ ነው እንደዚያ የጻፋቸው።

ማህሌትን የምትጫወተው ሃያት ናት፤ የላንቻ ልጅ፣ ቤተሰቦቿ ከወሎ የመጡ ነጋዴዎች። ዳኜን የሚጫወተው ብሩክ ይባላል። መልከ መልካም፣ ተጫዋች ልጅ ነው። ጭብጨባ ሲሰማ ፊቱ ይበራል።

በመጀመሪያው እሁድ በቀዳዳዬ ሳይ አንድ ነገር ገረመኝ። ዳኜ ስልኳን ሲሰርቅ አዳራሹ በሳቅ ይሞታል። ሶፋ ሥር ሲገባ ያጨበጭቡለታል። ማህሌት ስትዋሽ ግን ሳቁ ይቆማል። አንድ ሰው «ውሸታም!» አለ። ከዚያ ሌላ። ትርኢቱ ካለቀ በኋላ ለጋሽ ታፈሰ ነገርኳቸው።

«ለእሱ ይስቁለታል፤ እሷን ግን ጠልተዋታል» አልኳቸው።

«ጥሩ ነው። ከጠሏት አምነዋታል ማለት ነው» አሉኝ።

እየቆየ ሲሄድ «ውሸታም» የሚለው ቀርቶ «በላት!» ማለት ጀመሩ። ማህሌት ውሸቷ ሲጋለጥና ከዳኜ ጋር ፊት ለፊት ሲቆሙ፣ ከኋላ ወንበሮች «በላት!» ይላሉ። አንዴ «በጥፊ በላት እንጂ ምን ታያታለህ!» ያለው ድምፅ ከፊት መስመር መጣ። በቀዳዳዬ ፈለግሁት። በእናቴ ዕድሜ ያሉ፣ ነጠላ የለበሱ ሴት ናቸው። አጠገባቸው የተቀመጡት ልጆች ይስቃሉ።

በሚቀጥለው እሁድ ብሩክ እጁን አነሳ። ጽሑፉ ላይ የለም። አነሳና መለሰው። አዳራሹ በፉጨት ተናጋ። በሚከተለውም አነሳ፤ ያኔ ግን እጁ ጉንጯ አጠገብ ደርሶ ነው የተመለሰው። ሃያት ዓይኗን ጨፍና ነበር። ትወና እንዳልሆነ ከቆምኩበት አየሁ።

በዚያው ሰሞን ከሃያት ጋር ከለገሃር ወደ ላንቻ ሚኒባስ ተሳፈርን። ከኋላችን የተቀመጠ ጎልማሳ ጎንበስ ብሎ አያትና «አንቺ ማህሌት አይደለሽም እንዴ?» አላት። ፈገግ አለችለት። «እና ዛሬስ ቢሮ ነበርሽ?» አለ። ሰው ሳቀ። እኛም ሳቅን። ከዚያ እጁን ሰደደና ቦርሳዋን ያዘ።

«እስቲ ስልክሽን አምጪው፣ ልየው።»

«ኧረ ወንድሜ፣ ልቀቀኝ» አለች።

«በቃ አንድ ጊዜ ብቻ! ዳኜ ሲያይ ዝም ትይው የለ?»

ሰዉ አሁንም ይስቃል። ማለቴ፣ ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም፤ እሁድ ያዩትን እያስታወሱ ነው። ሰውየው ግን ማሰሪያውን ጠምዝዞ ይዞታል፤ ሃያት ወደ መስኮቱ ተጣብቃለች። እኔ «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ። ረዳቱ በሩን ሲከፍት ጎትቼ አወረድኳት። መሿለኪያ ገና አልደረስንም ነበር። ሌላ ታክሲ ለመያዝ ፈራን፤ እየዞርን ወደ ኋላ እያየን በእግር ሄድን።

ስንሄድ «ብሩክን ለብቻው አልፈራውም» አለችኝ። «ሰው ሲጮህለት ግን ዓይኑ ይቀየራል፣ እትዬ ጽጌ። ያኔ የማላውቀው ሰው ይሆንብኛል።»

በማግስቱ ልምምድ ካዛንቺስ፣ አንድ ጋራዥ ጀርባ በተከራየነው አዳራሽ ነበር። ጋሽ ታፈሰን ለብቻቸው ይዤ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ብሩክ እጅ ማንሳቱን ይተው። ጽሑፉ ላይ የለም» አልኳቸው።

«አይቻለሁ። አዳራሹ ሊፈርስ ነበር እኮ! እንደዚያ ያለ ጭብጨባ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ!»

«ልጅቷ ፈርታለች፣ ጋሽ ታፈሰ።»

«ፍርሃቷ መድረክ ላይ ያምርባታል» አሉና ወደ ተዋናዮቹ ዞሩ።

ክፉ ሰው አይደሉም። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የዚያን ቀን ግን እሳቸውም ጭብጨባውን ብቻ እንደሚሰሙ ገባኝ። ለማን እንደምነግር አጣሁ።

እሁድ መጣ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከመጀመሪያው ደወል ጀምሮ ከመጋረጃው ገመድ አልራቅሁም። ፍጥጫው ላይ ሲደርሱ «በላት!» የሚለው ከአንድ ጥግ ተነሳና ወደ ሌላው ተዛመተ። በኋላ አንድ ላይ፣ እያጨበጨቡ፣ እንደ ኳስ ሜዳ «በላት! በላት!» ሆነ። ብሩክ ወደ ተመልካቹ ዞር ብሎ ፈገግ አለ። ከዚያ መታት።

የጥፊው ድምፅ እኔ ዘንድ ደረሰ። ሃያት በአንድ ጉልበቷ ወደቀች። ሰዉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ብሩክ እጁን እንደገና አነሳ፤ ለምን እንዳነሳ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ገመዱን ለቀቅሁት። መጋረጃው ወረደ።

ከመጋረጃው ማዶ ፉጨትና ጫጫታ ቀለጠ። ጋሽ ታፈሰ በጎን በር እየሮጡ መጡ። «ማን አዘዘሽ?»

«ማንም አላዘዘኝም።»

«ክፈቺው! አሁኑኑ ክፈቺው!»

«እሷ ሳትለኝ አልከፍትም» አልኩ። እንጀራዬ በዚያች ደቂቃ እንዳበቃለት ነው የቆጠርኩት።

ብሩክ መዳፉን እያየ ቆሟል። «ሰዉ… ሰዉ እኮ ነው…» ይላል፤ አይጨርሰውም። ሃያት ጆሮዋን ይዛ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ተንበረከክሁ። ጉንጯ ቀልቷል። ወደ ቤት ልውሰድሽ ስላት ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። ከዚያ ተነሳች።

«ይክፈቱት፣ እትዬ ጽጌ። የቀረችኝን ቃል ልበልና ልጨርስ» አለች። ብሩክን «አንተ ከዚያ ወዲያ ሁን። እንዳትጠጋኝ» አለችው።

ከፈትኩት። በቀዳዳዬ ለማየት ፈራሁ፤ ግን አየሁ። ሰዎቹ ግማሾቹ ቆመዋል። ሃያት ከመድረኩ መሀል ቆማ የምትለው ነገር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጽሑፉ ላይ ያለ ነው። በየሳምንቱ ትለው ነበር። ያኔ ግን ብሩክ ከጀርባዋ ስልኳን ይዞ ፊቱን ስለሚያጣምም፣ ሳቁ ይውጠውና ማንም አይሰማትም። ያን ቀን ብሩክ አልተንቀሳቀሰም።

«ፈርቼ ነው የዋሸሁህ» አለች። «ሥራ የሌላት ሴት ናት ብለህ ትተወኛለህ ብዬ ፈራሁ። ቀጥሎ ደግሞ አንተን ራስህን ፈራሁህ። ቦርሳዬን ስትከፍት፣ በር ላይ ስትጠብቀኝ፣ እውነቱን ለመናገር ይበልጥ ፈራሁ።»

የሳቀም የጮኸም የለም። አንድ ሰው አሳለ። አንዲት ወጣት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች፤ አብሯት የነበረው ልጅ ከመቀመጫው ሳይነሳ በዓይኑ ብቻ ተከተላት። እነዚያ በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት በዚያም ቀን ፊት ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል። ስቀው ይሁን አዝነው አላወቅሁም።

ጋሽ ታፈሰ ለጥቂት ቀናት አላናገሩኝም። በሚቀጥለው ልምምድ ብሩክን ጠርተው ሁላችን ፊት «እጅህ ከኪስህ እንዳይወጣ» አሉት። ብሩክ ሃያትን ይቅርታ ጠየቃት። «እሺ» አለችው፤ ከመድረክ ውጪ ግን ሌላ ቃል ተነጋግረው አላየሁም። «በላት» የሚል አልጠፋም፤ በየሳምንቱ ይኖራል። የብሩክ እጅ ኪሱ ውስጥ ሲቀር ግን ጩኸቱ ብቻውን ይቀራል፣ ይሞታል።

ሃያት ትርኢቱ እስኪወርድ ሠርታ ወደ ሬዲዮ ድራማ ሄደች። ያ የካዛንቺስ አዳራሽ ከመፍረሱ በፊት ዕቃ ስናወጣ ልትሰናበተን መጥታ ነበር። መድረክ አይናፍቅሽም ወይ አልኳት።

«ይናፍቀኛል» አለች። «ግን አሁንም ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ ሰው ሲቀመጥ እወርዳለሁ።»

ወደዚህ ሥራ ለምትመጡ ይህን እላለሁ። ተመልካች ጥፋት ያለበትን ገጸ ባሕርይ መጥላት መብቱ ነው፤ መሳቅም መጮህም ይችላል። የተዋናይዋ ገላ ግን የገጸ ባሕርይዋ አይደለም። ሰው ሲጎዳ ካያችሁ ትእዛዝ ሳትጠብቁ መጋረጃውን አውርዱ።