የሰማይ ታንኳ

ባለፈው እሁድ ሩዝ እየለቀምኩ ሳለ ልጄ አጠገቤ በስልኳ የጠፈር መርከብ ትነዳ ነበር። ድንገት ቀና አለችና፣ «እማዬ፣ ሰማይ ላይ ባሕር የለ፤ ለምንድን ነው መልሕቅ ጣይ የሚለኝ?» ስትል ጠየቀችኝ።

መልሱን አውቀዋለሁ። የጠፈር ጨዋታ የሚሠሩ ሰዎች ለማያውቁት ሰማይ ቃል ሲያጥራቸው ከድሮ ባለሸራ መርከበኞች ተውሰው ነው። ነገርኳትና ወደ ሩዜ ተመለስኩ። እጄ ግን ያንኑ ጠጠር ሦስት ጊዜ አንስቶ ሦስት ጊዜ መለሰው። ይህን ነገር መጀመሪያ የነገረኝ ደሳለኝ ነበር፤ ስሙን በአፌ ከጠራሁት ብዙ ዘመን ሆኖታል።

ደሳለኝ ወረታ ከተማ አሥረኛ ክፍል አብሮኝ የተማረ ልጅ ነው። ባሕር ዳር ያለው ወንድሙ ኮምፒውተር ነበረውና አንድ እረፍት እዚያ ከርሞ ሲመለስ ጭንቅላቱ በከዋክብት ተሞልቶ መጣ። እኛ ኮምፒውተር ከየት እናምጣ? የቴሌቪዥን ካርቶን ቀደን ከዋክብት ሳልንበት፤ የበቆሎ ፍሬ መርከቦቻችን ሆኑ። ካፒቴን፣ ወደብ፣ ሸራ፣ መልሕቅ እያልን ሦስት ቀን እንደተጫወትን ሰለቸኝ።

«ነፋስ በሌለበት ሸራ ምን ይሠራል?» አልኩት። «ደግሞስ አንተም እኔም ባሕር አይተን አናውቅም።»

«እና ምን እንበለው?»

«ታንኳ እኮ እናውቃለን።»

ያን ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የፎገራን ሜዳ ሐይቅ አድርገውት ነበር። ቁሐር ሚካኤል የሚኖረው የእናቴ ወንድም አያ ወርቁ ሩዙንና ከብቱን ይዞ የሚኖር፣ ውሃው ሲመጣ ደግሞ ጎረቤቱን በታንኳ የሚያሻግር ሰው ነው። ወደ እሱ ስንሄድ ጥቁሩ ጭቃ ጫማችንን እየነጠቀ አስቸገረን፤ በኋላ አውልቀን በእጃችን ያዝነው። አያ ወርቁ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት ሰጥቶ ከደንገል፣ ከውሃ ዳሩ ረጅም ሣር፣ በታሠረችው ታንኳው ላይ አስቀመጠን። ደንገሉ የእርጥብ ሣርና የዓሣ ሽታ አለው። ያን ሽታ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ።

«አያ፣ ይህ የፊተኛው ጫፍ ምን ይባላል?» አልኩት።

«እኔ አፍንጫ እለዋለሁ። ከፊት ያለውን ቀድሞ የሚያሸተው እሱ ነዋ።»

ደሳለኝ በደብተሩ ይጽፋል። «ብዙ ቀን ውሃ ላይ ስትቆይስ ምን ትሆናለች?» አለው።

«ደንገል ውሃ ይጠጣል ልጄ። ብዙ ሲጠጣ ትከብዳለች። ያን ጊዜ ‹ጠግባለች› እንልና ዳር አውጥተን ፀሐይ ላይ እናቆማታለን። ጠግባ የሄደች ታንኳ አትመለስም።»

እኔና ደሳለኝ ተያየን። ጨዋታችን ያን ጊዜ ተወለደ። የሰማይዋ ታንኳ በተጓዘች ቁጥር ጨለማ ትጠጣለች፤ ሦስት ኮከብ ካለፈች ጠግባለችና ከአንዲት ፀሐይ ዳር ቆማ መድረቅ አለባት። ካፒቴኑን ሰርዘን አሻጋሪ አልነው።

አያ ወርቁ ለምን እንደምንጠይቀው ስነግረው አልሳቀም። መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አጋድሞ አሰበ።

«ሰማይ ላይ ዳር አለ?»

«የለም፣ አያ።»

«ዳር ከሌለ ወዴት ነው የምታሻግሩት?» አለና መቅዘፊያውን እያነሳ፣ «ስትጨርሱ ጥሩኝ። መጥቼ አያለሁ» አለ።

በግንቦት ትምህርት ቤታችን የተማሪዎች የሥራ ትርኢት አዘጋጀ። አንደኛ የወጣው ባሕር ዳር ይሄዳል ተባለ። አንድ ሰው ብቻ ያቅርብ ስላሉ አንደበተ ርቱዕ የሆነው ደሳለኝ እንዲናገር ተስማማን፤ እኔ ከጎን ቆሜ ፍሬዎቹን ላንቀሳቅስ። ለአያ ወርቁም መልእክት ላክሁለት። ከቁሐር በእግሩ፣ የታጠበ ጋቢ ለብሶ መጣና ከተማሪው ኋላ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ።

ለዳኝነት የመጡ፣ ሙሉ ልብስ የለበሱ እንግዳ ካርቶናችን ላይ ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ። «‹ጠግባለች› የምትለዋ ደስ ትላለች» አሉ። «እነዚህን ቃላት ከየት አገኘሃቸው?»

ደሳለኝ ወደ እኔ ተመለከተ። ቀጥሎ ወደ ግድግዳው፣ ወደ ጋቢው።

«ራሴ ነኝ የፈጠርኳቸው።»

«ብቻህን?»

«ብቻዬን።»

አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ከእሱ ሦስት እርምጃ ርቄ፣ በጣቶቼ መሐል አንዲት የበቆሎ ፍሬ ይዤ ቆሜያለሁ።

አያ ወርቁን ከበሩ ውጭ ደረስኩበት። መጀመሪያ የተናገረው እሱ ነው።

«ቃሉ የእኔም አይደለም። ከአባቴ ነው የሰማሁት» አለ። ጥቂት ተራመደ። «አባቴን ግን አልካድኩትም።»

ጋቢው ሥር አንድ ነገር ብቅ ብሎ አየሁና ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ከደንገል የተሠራች፣ ስንዝር የማትሞላ ታንኳ ነበረች። «ለጨዋታችሁ ትሆናለች ብዬ ነበር» አለና መልሶ ሸፈናት። አልሰጠኝም። እኔም ስጠኝ አላልኩም።

በማግስቱ ደሳለኝ ክፍል ውስጥ አጠገቤ መጣ። «ባንቺ» ብሎ በስሜ ጠራኝ። «ከቁሐር ገበሬ ነው የሰማሁት ብል ይስቁብን ነበር። ለጨዋታው ብዬ ነው።»

«እኔስ? የእኔ ስምስ ያስቅ ነበር?»

እሱ ባሕር ዳር ሄደ፤ እኔ ወንበር ቀየርኩ። ትምህርት እስክንጨርስ ድረስ አላናገርኩትም።

አያ ወርቁ አምና አረፈ። ለቅሶው ላይ ደሳለኝ ከአዲስ አበባ መጣ፤ ፀጉሩ ገብስማ ሆኗል። ውሃ ይዤ ድንኳኑ በር ላይ ስደርስ ከሽማግሌዎቹ መሐል ሆኖ፣ «በልጅነቴ የእኚህን ሰው ቃል ወስጄ የራሴ ነው ብያለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ» ሲል ሰማሁት። ሽማግሌዎቹ «እግዜር ይፍታህ» አሉት። ያኔ ከነደደኝ ይልቅ ይህ አነደደኝ። የሚሰማው ጆሮ አፈር ከገባ በኋላ መናገር ምን ይከብዳል?

ንዴቱ አብሮኝ ወረታ ገባ፤ ሰነበተም። ሲበርድ ግን ከሥሩ ሌላ ነገር ወጣ። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ አፍ ያለው ደሳለኝ ብቻ አልነበረም። «የአጎቴ ቃል ነው» ለማለት ሦስት እርምጃ ይበቃኝ ነበር። ያ የታጠበ ጋቢ ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እኔንም አሳፍሮኝ ነበር። ደሳለኝን ይህን ሁሉ ዘመን ስወቅስ የኖርኩት፣ እሱን እስከወቀስኩ ድረስ እኔን የሚጠይቀኝ ስላልነበረ ነው። አያ ወርቁ እንኳ አልጠየቀኝም። እስኪሞት ድረስ በየዓመቱ አዝመራው ሲገባ ሩዝ ይልክልኝ ነበር።

ልጄ የምታውቀው ሩዝ የሚልኩ ሽማግሌ እንደነበሩ ብቻ ነው፤ ባለፈው እሁድም ስለ መልሕቁ ስነግራት ስለ ጠገበችው ታንኳና ስለ ባለቤቷ አንድም ቃል አልነገርኳትም።